ልጄን ያጠባችብኝ ሴት

ልጄ አራተኛ ወሩን ሲይዝ ግራ ጡቴ ውስጥ ሽንብራ የምታክል ጠጣር ነገር ዳሰስኩ። አታመኝም፣ አትሞቅም። ካርቱም፣ ሳጃና በሚባለው ሰፈር ፀጉር በምሠራበት ቤት የነበሩት ሴቶች ተራ በተራ ዳሰሷትና ፍርዳቸውን ሰጡ።

"ወተት ቋጥሮብሽ ነው፤ በሙቅ ጨርቅ ያዥው" አለች አንዷ።

"ልጁን በዚያ በኩል አብዝተሽ አጥቢው፣ እሱ ራሱ መጦ ያወጣዋል" አለች ሌላዋ።

ሁለቱንም አደረግሁ። ሽንብራዋ ግን ሎሚ አከለች፤ ቆዳውም ቀላ።

ሀገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ካርቱም የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው። እሱ በፖለቲካ ምክንያት ቀደም ብሎ ተሰዶ፣ ባሕሪ በሚሉት የካርቱም ሰሜን የፋብሪካ ሰፈር የመኪና ራዲያተር እየበየደ ይኖር ነበር። የተከራየነው ሳጃና አጠገብ አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነው። አሮጊቷን እንደ ሰፈሩ ሁሉ እኛም "ሐጃ" እንላቸዋለን። ግቢውን በቆርቆሮ ለሁለት ከፍለውታል፤ መካከሉ ላይ ብዙ ጊዜ ክፍት የሚያድር በር አለ።

የሐጃ የመጨረሻ ልጅ ፖርት ሱዳን ነበር ያገባችው። እንደ ሀገሩ ወግ ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ፣ እኔ በወለድኩ ሳምንታት ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ መርከብ ላይ ስለሚሠራ እስኪመለስ ብላ እዚያው ቆየች። ሞላ ያለች፣ ስትስቅ ግቢው የሚሰማት ሴት ነበረች። ወተቷ ቀሚሷን አልፎ ቶቧን፣ ያንን ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠመውን ነጠላ መሳይ ልብስ፣ ያረጥበው ነበር። እኔ የራሴን ጡት ጨምቄ የማገኘውን ጠብታ እያየሁ፣ እሷ "ኡፍ፣ በዛብኝ" እያለች በጨርቅ ስትጠርገው እመለከት ነበር። ቅናቱ የጀመረኝ ያኔ ነው፤ ገና ምንም ሳታደርገኝ።

የሰፈራችን ሐኪም እብጠቱን አይቶ "ኹራጅ ነው" አለ፤ መግል የቋጠረ ማለቱ ነው። መጀመሪያ እንክብል ሰጠኝ። አልሻል ሲለኝ አደንዝዞ ቀደደው። የወጣው ግን ወፍራም መግል አልነበረም፤ እንደ አጓት የቀጠነ ነጭ ፈሳሽ ነበር። "ጥሩ ነው፣ ወጣልሽ" አለኝና አሽጎ ሸኘኝ።

ቁስሉ አልዘጋም። ሌላ እንክብል፣ ከዚያም መርፌ ታዘዘልኝ። በቀዳዳው አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ብብቴ ሥር ዕጢ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ይጀምረኛል፤ ሌሊት ላብ አንሶላዬን ያጥበዋል፤ እህል ሸተተኝ። አጥንቴ ሲወጣ ደህነኛው ቀኝ ጡቴም መድረቅ ጀመረ። ለልጄ የዱቄት ወተት በጡጦ ብሰጠው ጎማውን በምላሱ ገፍቶ ይተፋዋል። በማንኪያ ስሰጠው ይታነቃል። ያለቅሳል። ጠዋት ያለቅሳል፣ ማታ ያለቅሳል፤ ልቅሶው ጆሮዬ ውስጥ ተተክሎ ቀረ።

ባሌ "ትልቁ ሆስፒታል ሂጂ፣ ይህ ሰውዬ አያውቅም" ብሎ አስጨነቀኝ። አንድ ማለዳ ልጁን ለሐጃ ሰጥቼ እስከ መሐል ገበያው፣ እስከ ሱቅ ዐረቢ፣ በእግሬ ሄድኩ፤ ከዚያ በሐፍላ፣ እዚያ ሰው በሚታጨቅባት ትንሽ አውቶቡስ፣ ተሳፈርኩ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቶብ የለበሱ ሴቶች ኒም ዛፍ ሥር ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ቀኑ እዚያው አለፈ። ናሙና በመርፌ ወሰዱልኝና ሌላ ቀን ተመለሺ ተባልኩ።

ቤት ስደርስ ግቢው ጸጥ ብሏል። ከዚያ በፊት ስንት ሳምንት እንደዚያ ጸጥ ብሎ እንደማያውቅ ሳስብ ልቤ ደነገጠ። በመካከለኛው በር አንገቴን አስገባሁ። የሐጃ ልጅ በገመድ በተጠለፈው አልጋ ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች። በአንድ ጎኗ ልጇ ተኝታለች። በሌላው ጎኗ የኔ ልጅ እጁን ደረቷ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየዋጠ ነው። ጉሮሮው ወተት ሲያልፍበት ይሰማል። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

"መዐሌሽ ያ ኡኽቲ፤ ይቅርታ እህቴ" አለችኝ ቀና ብላ። "ሲያለቅስ ሆዴ አልችል አለ።"

አፌ "ሹክረን" አለ፣ አመሰግናለሁ። እጄ ግን ወዲያው ልጁን ከደረቷ አነሳ። ጡቷ ከአፉ ሲለቅ ድምፅ ሰጠ፤ ወተት አገጩ ላይ ወረደ። ክንዴ ላይ እንደደረሰ ጮኸ።

ሐጃ ከጥላው ሥር ሆነው ሳቁ። "ተዪው እንጂ ይጥገብ! በኛ ሃይማኖት አምስት ጊዜ ጠግቦ ከጠባ ልጃችን ነው። ከዚህች ጋር ወንድምና እህት ናቸው፤ መጋባት የለም እንግዲህ!"

እኛም ሀገር የጡት ልጅ አለ። የጡት ልጅ የሚሆነው ግን ወላጅ ወዶ ሲሰጥ ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ክፍላችን ገብቼ ቀኝ ጡቴን ብሰጠው ሁለቴ ሳበና ፊቱን አዞረ። ከአንገቱ ሥር ኹምራ የሚሉት የሱዳን ሴቶች ሽቶ ሸተተኝ፤ ሰንደልና ቅርንፉድ ያለበት ከባድ ሽታ ነው። ገንዳ አውጥቼ በሳሙና አጠብኩት። በማግሥቱ በረሃብ ሲዝል ግን እኔው ራሴ ተሸክሜ በመካከለኛው በር ወሰድኩት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እወስደዋለሁ፤ ሲመለስም በየቀኑ አጥበዋለሁ።

"ይህ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚታጠበው?" አለኝ ባሌ አንድ ምሽት ከሥራ ገብቶ።

"የሰው ሽታ ሲሸት።"

"እግዜር ይስጣት አትዪም? ልጃችንን አጠባችልን እኮ!"

"ላንተ አጥብታልህ ይሆናል" አልኩት። "እኔን ግን አጠባችብኝ።"

ገንዳውን አንስቶ ውሃውን ደጅ ደፋ። ልጁ እየወፈረ ነበር። ጉንጩ ሲሞላ፣ ክንዱ ላይ የሥጋ አምባር ሲወጣ አያለሁ፤ ደስታዬን ግን እሷ ቀድማ ትወስደዋለች። "እዩት፣ እዩት የኔ ሐበሻ እንዴት አምሮበታል!" ትላለች ለጎረቤቱ ሁሉ። የወርቅ አምባሮቿ ሲንኳኩ ልጄ ከክንዴ ላይ ሆኖ አንገቱን ወደዚያ ያዞር ጀመር። ስጠራው ግን አይዞርም።

በሆስፒታሉ ከመርፌው ናሙና ምንም ቁርጥ ያለ ነገር አልተገኘም። ሁለተኛ ስሄድ ያገኘችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ "ዱክቶራ" ይሏታል። ጡቴን ብቻ አይታ አልተወችኝም። ብብቴን፣ አንገቴን ዳሰሰች። ስለ ትኩሳቱና ስለ ላቡ ጠየቀችኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀች።

"ቤታችሁ ለረጅም ጊዜ የሚያስለው ሰው ነበር?"

ነበር። ከገዳሪፍ የመጣ የባሌ ዘመድ፣ ሥራ እስኪያገኝ እኛው ክፍል ወለል ላይ ተኝቶ ከርሞ ነበር። እኔ ያኔ ነፍሰ ጡር ነኝ። ሳሉ አላስተኛን ይል ነበር፤ ሲጋራው ነው እያልን አለፍነው።

ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። "ከቁስሉ ትንሽ ሥጋ ቆርጠን እንመርምር" አለች። "ይህ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። ሳናውቅ ዳግመኛ አንቀድም።" ቦታውን አደንዝዛ ቆርጣ ወሰደች፤ የደረት ራጅም አስነሳችኝ።

ውጤቱን እስክንሰማ ሥራ አልሄድኩም። ሰፈሩ ሁሉ "ያ ክፉ በሽታ ነው" ብሎ ፈርዶልኛል። ሰው ሞቱን ሲያስብ ስለ ነፍሱ ይጨነቃል ይባላል። እኔ የታየኝ ግን ያ አልጋ ነበር። ልጄ እዚያ ላይ ሲያድግ፣ ሲድህ፣ አፉን በዐረብኛ ሲፈታ፣ እሷን "ኡሚ"፣ እማዬ፣ ሲላት። እኔ አንድ የግድግዳ ፎቶ ሆኜ። ልጄን አደራ የምለው ከእሷ የተሻለ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ይህን ማወቄ ደግሞ አንጀቴን አሳረረው።

ለውጤቱ ከባሌ ጋር ሄድን። የሱ ዐረብኛ ከኔ ይሻላል። ዱክቶራዋ ወረቀቱን አየችና "ደረን" አለች።

ቃሉን አላውቀውም። ወደ ባሌ ዞርኩ።

"ምን አለች?"

የአማርኛ ቃሉን ፈለገ። "ነቀርሳ ነው ትላለች" አለኝ።

"የጡት ነቀርሳ?"

"እንግዲህ… የጡት ነቀርሳ መሆኑ ነው።"

እንደ እናቴ እህት መሆኔ ነው አልኩ። አክስቴን የገደላት እሱ ነው፤ እኛ ቤት ነቀርሳ ሲባል ካንሰር ነው። ወንበሩን ይዤ አለቀስኩ። ዱክቶራዋ ግራ ተጋባች። "ምን ብለህ ነገርካት?" አለችው ባሌን። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ጡጫዋን አፏ ላይ አድርጋ "ኩሕ፣ ኩሕ" እያለች እንደ ሳለኛ ሳለች፤ በእጇም ደረቷን አሳየችኝ።

ባሌ ግንባሩን መታ። "ሳንባ ነቀርሳ! ያ የሳንባው፣ ቲቢ! ሌላው ነቀርሳ አይደለም!"

"ሳንባዬን መች አመመኝ?"

"ሳንባሽ አይደለም፤ ጡትሽ ውስጥ ነው የገባው።"

ዱክቶራዋ ቀስ ብላ አስረዳችን፤ ባሌም አሁን ቃል እየመረጠ ተረጎመልኝ። ቲቢ ጡት ውስጥ መግባቱ እምብዛም አይታይም፤ ሲገባም የሚያጠቡ ሴቶች ላይ ይበዛል። መግል የቋጠረ እብጠት ይመስላል፤ ካንሰርም ይመስላል። ስለዚህ ይቀድዱታል፣ እሱም አይድንም። የሚያድነው የቲቢ መድኃኒት ነው፤ ስድስት ወር፣ ሳይቋረጥ፣ ቢሻለኝም ሳላቆም። ራጁ ሳንባዬ ንጹሕ መሆኑን አሳይቷል፤ በትንፋሼ ሰው አልበክልም። ባሌም ልጁም ይመርመሩ አለች። ቁስሉን ሸፍኜ፣ በግራ በኩል ሳላስጠጋው፣ በቀኙ ማጥባት እችላለሁ።

ከሁሉ የሰማሁት ይህን የመጨረሻውን ነው። "ማጥባት እችላለሁ?" ብዬ ደግሜ ጠየቅኋት። "ትችያለሽ" አለች። በመንገዱ ሁሉ ባሌ ስለ መድኃኒቱ ያወራል፤ እኔ ልጄን ከዚያ አልጋ ላይ የማነሳበትን ሰዓት አስባለሁ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ግቢው ደረሰ። ባሌ ደስ ብሎት ለሐጃ "ካንሰር አይደለም፣ ደረን ነው፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ በስልክ ነግሯቸው ኖሯል። ሐጃ ግን ደስ አላላቸውም። ስንገባ ልጃችንን በሩ ላይ አስረከቡንና የመካከለኛውን በር ዘጉት። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ።

ባሌ አንገቱን ደፋ። "ፈሩን" አለ። "አይፈረድባቸውም።"

እኔ ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ የዚያ በር መዘጋት ከበሽታዬ መታወቅ በላይ ደስ አሰኘኝ። አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ልጄን ቀኝ ጡቴ ላይ አደረግሁና "ና፣ ቤትህ ገባህ" አልኩት። ሳበ፤ ጥቂት አገኘ፤ አለቀ። ሳበ። ጮኸ። ማንኪያውን መታው፣ ጡጦውን ወረወረው። ቆርቆሮውን እያየ ሲጮህ ዋለ። ከማዶ አምባር ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ወዲያ ወዲህ የምትል ሰው አምባር ነበር። ከሐጃ ጋር የቃላት ልውውጥም ነበር፤ ሁሉን ባልሰማም "ሐራም" ስትል ሰማኋት፤ ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው እያለቻቸው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ልጇን ታቅፋ፣ ቶቧን ተጠምጥማ፣ ጫማዋን አድርጋ ቆማለች።

"ያላ፣ ነይ እንሂድ" አለችኝ። "ሐኪምሽ ጋ ውሰጂኝ። እናቴ የምትለውን ሰምቻለሁ፤ ሐኪሟ የምትለውን ደግሞ ልስማ።"

ሐፍላው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ሕፃናት። ልጄ ከጉልበቴ ላይ ሆኖ ወደሷ ይንጠራራል፤ እኔ አጥብቄ ይዤዋለሁ። መንገዱን ሙሉ የጸለይኩት ሐኪሟ "አይሆንም" እንድትላት ነበር።

ዱክቶራዋ ከሐጃ ልጅ ደም አስወስዳ፣ ልጄንም አገላብጣ መረመረችው፣ አስመረመረችው። ደህና ነው አለች።

"ታዲያ ይህ ልጅ ልጄን ይጎዳታል?" አለች የሐጃ ልጅ።

"አይጎዳትም። በእናቱ ሳንባ ላይ በሽታው የለም፤ እሱም አልታመመም። ሳል ወይም ትኩሳት ካየሽበት ቶሎ አምጪው። አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ ደምሽም ታይቶ ንጹሕ ነው፤ ከወደድሽ አጥቢው።"

"እሺ" አለች፤ ቶቧን ገለጠች፣ እጇን ዘረጋችልኝ። እዚያው የመመርመሪያው አልጋ ላይ ተቀምጣ አጠባችው። ዱክቶራዋ "አላህ ይባርክሽ" አለቻት፤ ወደ እኔ ዞራም "አንቺ ዕድለኛ ነሽ" አለችኝ። ዕድለኛ ነኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ትፈራለች የምትለዋ ተስፋዬም ያን ቀን ጠፋች። ወተቷ ይበልጠኛል፣ ጤናዋ ይበልጠኛል፣ ለካ ልቧም ይበልጠኝ ኖሯል።

መድኃኒቱን በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ፊት እውጣለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሽንቴ ቀይ ሲሆን ደም መስሎኝ ጮህኩ፤ ነርሷ ሳቀችብኝ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። እንባዬን የጠረግሁበት መሀረብ ራሱ ብርቱካን ቀለም ያዘ። ሆዴ ይገለበጣል፤ ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ ይቆረጥማሉ። ትኩሳቱ ግን ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። አንድ ቀን ፉል በዳቦ በልቼ ሳህኑን ስጠርግ ባሌ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ያየኝ ጀመር። የቁስሉ ፈሳሽ ቀነሰ፤ መጀመሪያ አንዱ ቀዳዳ፣ በኋላ ሌላው፣ እንደተቋጠረ ከረጢት አፍ ተሸብሽቦ ዘጋ።

ነርሷን ወተቴን እንዴት እንደማስመልስ ጠየቅኋት። "ባይወጣም አጥቢው፤ ከሌላዋ በፊት አንቺ ጋ ይጀምር። ጡት የሚስበው ካገኘ ይሠራል" አለችኝ። ሐጃም በሩን መዝጋታቸው ከንክኗቸው ነው መሰለኝ፣ ሱዳኖች ለአራስ የሚሠሩትን መዲዳ የሚባል የአብሽ ገንፎ በየጠዋቱ ይልኩልኝ ጀመር። የምታመጣልኝ ልጃቸው ናት። ከእጇ ተቀብዬ እበላለሁ፤ የምበላው እሷን ለመቅደም ነው።

እንዲህ ሆንን፤ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ እሷ። ልጄ ቀኜ ላይ ትንሽ ይቆይና ዓይኑን ወደ በሩ ይልካል። እኔ ዓይኑን በእጄ እከልላለሁ።

ባሏ ከመርከብ ወርዶ መምጣቱንና በየቀኑ እንደሚደውልላት ስሰማ ልቤ ዘለለ። ልብስ ስታሰጣ ጠጋ አልኳት።

"መቼ ነው የምትሄጂው?"

"ተቆጥቶኛል" አለች፣ የልጆቹን ልብስ ሳትለይ እያሰጣች። "ይህ ልጅ እህል እስኪለምድ፣ አንቺም እስክትድኚ አልመጣም አልኩት። ከፈለገ እሱ ይምጣ፤ ኢንሻላህ ይመጣል።"

ሂጂ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አልወጣም። ጎንበስ ብዬ ከመዘፍዘፊያው እርጥብ ልብስ እያነሳሁ አቀበልኳት። ያን ቀንም ግን ቀናሁባት፤ እኔ በሷ ቦታ ብሆን ለማን ልጅ ብዬ ባሌን አስጠብቅ ነበር?

ልጄ ገንፎና ድንች ሲለምድ ባሏ መጥቶ ወሰዳት። ሱዳኖች ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ወደ አውቶቡሱ ስትሄድ ልጄን ከእጄ ተቀብላ አንገቱን አሸተተችው፤ ፊቷ በእንባ ርሶ መለሰችልኝ። ልጄ ጥቂት ቀናት እየዳኸ ሄዶ መካከለኛውን በር ይመታ ነበር። ከዚያ አንድ ከሰዓት ቀኝ ጡቴን ይዞ፣ ወዲያ ወዲህ ሳይል፣ እየዋጠ እንቅልፍ ወሰደው። ክንዴ እስኪደነዝዝ አላነሳሁትም። ስለ እሷ እንባም ያን ጊዜ አላሰብኩም።

መድኃኒቴን ጨረስኩ። ዱክቶራዋ ጡቴንም ብብቴንም ዳስሳ "ኻላስ፣ አበቃ" አለችኝ። ግራው ከቀኙ አነሰ፤ ጠባሳውም እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ያሳክከኛል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። የግራው ጡቴ ወተት አልሰጠም፤ የቀኙ ግን ለሁለት የሚበቃ ሰጠ። ለዒድ እናቷን ልትጠይቅ የመጣችው የሐጃ ልጅ መውለዴን ሰምታ ወዲያው በሩን አለፈች። ልጄ፣ አሁን የሚሮጠው፣ ከልጇ ጋር በኳስ ይጣላል፤ ሐጃ ደግሞ "ወንድምሽ ነው፣ አትምቺው" እያሉ ይጮኻሉ። የሐጃ ልጅ እጇን ወደ አራሷ ልጄ ዘረጋች።

"ስጪኝ፣ ልቀፋት።"

"ቆይ" አልኳት። እሷን ፊት ለፊት አስቀምጬ ሕፃኗን ቀኝ ጡቴ ላይ አደረግኋት። አልቸኮልኩም። ወተት በከንፈሯ ጥግ እስኪፈስ፣ አፏን ራሷ እስክትለቅ ጠበቅሁ። እሷም አምባሮቿን እንዳይንኳኩ ይዛ ጠበቀች፤ ፈገግ እያለች ነበር፤ ምን እንደማደርግ የገባት መሰለኝ።

ከዚያ ሰጠኋት።